ከጥላው ጋር የሚሄደው ካሜራ

አሠሪዬ ፎቶ አንሺ ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለችው ጠባብ ስቱዲዮው ተቀምጬ የሙሽሮችን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም ስቀባለት፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ስለ ኮፍያው አቀማመጥ ይጨነቃል። የቡልጋ ልጅ ሆኖ ሳለ እንደ ፈረንሳዮቹ «ሙሴ» ካላሉት አይዞርም። ፈረንሳይኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ ሰላምታውንም ቢሆን ያበላሸዋል። እንዲህ ያለ ወፍ ዘራሽ ፈረንጅ ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን ሲኒማ ገብቶ፣ ደመና እንደ ፈረስ ሲጋልብ፣ አበባ በቅጽበት ሲፈካ አይቶ መጣ። ዘዴውን ያውቀዋል። ካሜራው አንድ ቦታ ተተክሎ በየጊዜው አንድ አንድ ምስል ብቻ ይወስዳል፤ ሲታይ የሙሉ ቀኑ ነገር በደቂቃ ያልቃል። «ይሄማ ምን ችሎታ ይጠይቃል? ካሜራውን ገትረው ተኝተው ነው። እኔ አስኬደዋለሁ!» አለ። አናጢ ጠርቶ ረጅም የጣውላ ሐዲድ አሠራ። ኩሽኔታ የተገጠመለት ትንሽ ጋሪ አስቀመጠበትና ካሜራውን ከነእግሩ ከላይ አሰረው። አንድ ምስል ያነሣል፣ ጋሪውን ጥፍር ታህል ገፋ ያደርጋል፣ ደግሞ ያነሣል። ይህንን ከጠዋት እስከ ማታ! ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ማለት ይኸው ነው።

የመረጠው ቦታ ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ነበር። እዚያ ደግሞ አባቴ አለ።

አባቴ ይሠራበት ከነበረው ፋብሪካ ከተቀነሰ ከርሟል። ለእናቴ ግን አልነገራትም። ጠዋት ካኪውን ለብሶ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ይወጣል፣ አደባባዩ ላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ይውላል፣ ማታ የደከመው መስሎ ይገባል። የስንብት ገንዘቡንም በየወሩ ደመወዝ አስመስሎ ይሰጣታል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለሥራ ስሄድ አይቼው መንገድ ቀየርኩ። ማወቄን ለእሱም አልነገርኩትም። እናቴ ጎረቤት ፊት ደረቷን ነፍታ የምትሄደው «ባሌ ሠራተኛ ነው» እያለች ነው። ነገሩ በሰው አፍ ቢደርሳት ምን ይውጣት ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር።

የድሬዳዋ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። አደባባዩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠዋት ከዛፉ ወዲያ፣ ከሰዓት በኋላ ከዛፉ ወዲህ ነው፤ ጥላው በሸሸ ቁጥር የሚቀመጥባትን ዱካ አንሥቶ ይከተለዋል። አባቴም እንደ አገሬው ሲንፏቀቅ ይውላል። የዚያን ቀን ካሜራውን አይቶታል። ግን በሦስት እግሩ ቆሞ በጣውላ ላይ በዝግታ የሚሄድ ነገር ያየ ሁሉ መሬት ቀያሽ ነው የመሰለው። ጫት ሻጮቹማ «ከዚህ ልታስነሡን ነው ወይ?» ብለው አፋጠውት፣ ሙሴ ሲናደድ ዋለ።

ፊልሙ ውጭ አገር ታጥቦ ሲመለስ ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ አሳየኝ። የፈረስ ጋሪዎች እንደ ጉንዳን ይራወጣሉ፣ መንገደኛው ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ጣቢያው ወደ ጎን ይንሸራተታል። መሐል ላይ አንድ ሰው ፍንክች አይልም። አባቴ! ካሜራው በጥላው ልክ ሄዷል፣ አባቴም ከጥላው ጋር ሄዷል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከምስሉ መሐል አልወጣም። ያ የማይረባ ጣውላ ባይኖር ኖሮ አባቴም ከጥላው ጋር ከምስሉ ተንሸራቶ በወጣ ነበር።

«ሙሴ፣ ሽማግሌውን ቆርጠው ቢያወጡት አይሻልም?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ! እሱ ባይኖር ካሜራዬ መሄዱን ማን ያውቅልኛል?»

ምክንያቴን ልነግረው አልቻልኩም። ለዚህ ወሬኛ ከመንገር ገበያ መሐል ቆሞ መለፈፍ ይቀላል።

እሁድ ከዋናው ፊልም በፊት እንዲታይ ከሲኒማ ቤቱ ጋር ተስማማ። እናቴ አንዴ ከሰማች ማን ይመልሳታል? «ልጄ የምትሠራበት ቤት ፊልም ሠርቶ እኔ ልቅር?» ብላ አባቴን ክራቫት አሳሰረችው። ራሴን አሞኛል ብላት፣ «ሲኒማ ያሽርሻል» አለችኝ።

መብራት ጠፋ። ከተማው እየተራወጠ ወጣ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ቀጥሎ መሐል የተቀመጠውን ሰው ልብ አሉት። ሳቅ ተጀመረ። ከፊት፣ ከርካሹ ወንበር አንዱ ጮኸ፤

«አቦ! ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም እንዴ?»

እናቴም ስትስቅ ነበር። ድንገት አቆመች። አንገቷን አስግጋ መጋረጃው ላይ አፈጠጠች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የለውም!» አለ ጮክ ብሎ። «ከፋሲካ ወዲህ የለውም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሙሴም ሳቁ የአድናቆት መስሎት ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣ። እናቴ ግን በጨለማው ውስጥ የአባቴን ፊት ትፈልግ ነበር።