ስኳር የማይገባበት ቤት

መጀመሪያ የመጣው ጥም ነው። ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ በርበሬና ጨው እሸጣለሁ፤ በርበሬ መሀል ለሚውል ሰው ጥም ብርቅ ስላልሆነ ነገሬም አላልኩት። ሌሊት ለሽንት መመላለሱ ሲበዛ ደግሞ ዕድሜ ነው አልኩ። ቆይቶ የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። አንድ ቀን አንዱ ጫማዬ ወልቆ ሳይታወቀኝ ገበያውን አቋርጬ ሄድኩ፤ ሰው ሲስቅ ነው ያወቅሁት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ግን ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ጣቴን ወግተው ደሜን ለኩና «ስኳር አለብዎት» አሉኝ። ሜትፎርሚን የሚባል ኪኒን ሰጡኝ። በአማርኛም በኦሮምኛም መከሩኝ፤ ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ሁለቱን ሳያውቅ ጅማ ገበያ ላይ የሚነግድ ማን አለ። ግን እኔ በብሔሬ የም ነኝ፤ በእኛ ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ነው። እናቴ ስኳር ቤቷ አስገብታ አታውቅም፤ እኔም እንደዚያው። ስለዚህ «ስኳር ይቀንሱ» ሲሉኝ የሌለኝን ነገር ተዪ እንደተባልኩ ቆጠርኩት። በሽታው የኬክ በሊ፣ የከተሜ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቆጮ ምኑ ይጣፍጣል?

እንዲያውም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቡናዬ ላይ ጨው ጨመርኩ። ጨው የስኳር ተቃራኒ ስለሆነ ያጠፋዋል ብዬ ነው። ታላቅ እህቴ ዘይነባም በዚህ ታበረታታኝ ነበር። ያገባችው ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የቡ ከተማ ነው፤ ከእናታችን ልጆች የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነን። በስልክ «ጨምሪበት እንጂ፤ ጨው የማያጠፋው ምን አለ» ትለኛለች። ኪኒኑንም ሲያሻኝ እውጣለሁ፣ ሲያሻኝ እተዋለሁ።

አንድ ጠዋት የጨው ጆንያ እየጎተትኩ ሳለ መንጋጋዬን ያዘኝ። ደረቴን አይደለም። መንጋጋዬን። ከዚያ ግራ ክንዴን። ላብ አጠመቀኝ። አቅለሸለሸኝ። ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ጥርሴ ነው አልኩ። ትንሽ ልተኛ አልኩ። ጎረቤቴ ሐጂ ሙክታር፣ ቅመም የሚሸጡት፣ አዩኝ። «ያ ረቢ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል። ተነሺ» አሉኝ። አልነሳም አልኩ። እሳቸው አልሰሙኝም። ባጃጅ ጠርተው አስገቡኝ። መንገዱን አላስታውሰውም።

ሆስፒታል የልብ ምት የሚያነበውን ኢሲጂ አነሱኝ። አስፕሪን አስኘኩኝ። ክንዴ ላይ መድኃኒት የሚገባበት መርፌ ተከሉ። ዶክተሩ ወጣት ነው። «እናቴ፣ ልብዎን የሚመግበው የደም ሥር ጠቧል። ሃርት አታክ የምንለው ነው» አለኝ። ፈራሁ። እናታችንም ወንድማችንም በድንገት ነው የሄዱት። «ልባቸው ቆመ» ተብሎ ተቀበሩ። ስኳራቸውንም ግፊታቸውንም ማንም ለክቶ አያውቅም። ዘይነባ ብቻዋን ልትቀር ነው አልኩ።

ትንሽ ስሻል ዶክተሩ ተመልሶ መጥቶ ስለ ስኳሩ ጠየቀኝ። «እኔ ቤት ስኳር የለም፣ ዶክተር» አልኩት፤ ኩራትም ሳይኖርበት አልቀረም።

«ቡናዎን በምን ይጠጣሉ?»

«በጨው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና አጠገቤ ተቀመጠ። «ስኳር የበሽታው ስም ነው እንጂ ሱቅ የሚሸጠው ብቻ አይደለም። ቆጮውም እንጀራውም ሆድ ከገባ በኋላ ደም ውስጥ ስኳር ይሆናል። እሱ ሲበዛ የደም ሥር ይጎዳል። ጨው ደግሞ ግፊት ያመጣል። ሁለቱ ተጋግዘው ነው ልብዎ ላይ የመጡት» አለኝ። ደረቴን በደንብ ያላመመኝም ስኳሩ ነርቬን አደንዝዞት ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ሲወጣ እህት እንዳለችኝ ነገርኩት፤ «በዘር ስለሚሄድ እህትዎ ይመርመሩ» አለ። ተናደድኩ። በእሱ አይደለም፤ በስሙ ነው የተናደድኩት። ለዚህ በሽታ ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ኪኒኖቼን፣ የስኳሩንም የግፊቱንም የኮሌስትሮሉንም፣ ሳልመርጥና ሳላኮርፍ በየሰዓታቸው መዋጥ ጀመርኩ። ቡናን ያለ ጨው መልመድ ግን ከሁሉም ከበደኝ፤ መጀመሪያ ላይ ፊቴን ሳላጨማድድ ስኒ አልጨርስም ነበር፤ አሁን ጨው ያለበት ቢሰጠኝ ነው የማጨማድደው። ቆጮውን አልተውኩትም፣ አሳንሼ ብዙ ጎመን ከጎኑ አደርጋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጆንያ መጎተቱን ለጉልበተኛ ትቼ ሐኪሙ እንደፈቀደልኝ ወደ አወቱ መንደራ ሰፈር በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሐጂ ሙክታርም «ጨው ሻጭ ጨው ከፈራ ገበያው ሊዘጋ ነው» እያሉ ይስቁብኛል።

ጉልበቴ ሲመለስ የቡ ሄድኩ። ዘይነባ ቤት እንደገባሁ ጆግ ውኃ በአንድ ትንፋሽ ስትጨልጥ አየኋትና የራሴ ጥም ትዝ አለኝ። ስለ ስኳር በአማርኛ ብነግራት መልሷን አውቀዋለሁ፤ የእኔው መልስ ነው። ስለዚህ በራሳችን ቋንቋ፣ የምሳ በሚባለው፣ የበሽታውን ስም ሳልጠራ ነገርኳት። «የምትበዪው ምግብ ደምሽ ውስጥ ተከማችቶ መውጫ አጥቷል። ልብሽን ሳያገኝ ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኳት። «እናታችንም ይህ ነበረባት?» አለች። ሳይሆን አይቀርም አልኳት። «ቶሌ» አለች፤ በኦሮምኛ እሺ ማለቷ ነው፤ ነጠላዋንም አነሳች።

እኔ የታከምኩበት ሆስፒታል አስመረመርኳት፤ ስኳሩ አለባት፤ ግፊቱም ጀምሯታል። ዶክተሩ ግን ኢሲጂውን አይቶ «ልባቸው አልተነካም፤ በጊዜ ነው የመጡት» አለን። ኮሪደሩ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ለራሴ እንኳ አልቅሼ አላውቅም። ዘይነባ «የታመምኩት እኔ፣ የምታለቅሺው አንቺ» ብላ ገሠጸችኝ።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ የአገሬ ሰዎች፣ ስሙ አያታልላችሁ። ቤታችሁ ስኳር ባይኖርም ደማችሁን አስለኩ፤ ግፊታችሁንም። የተነገራችሁ ነገር ካልገባችሁ እንደኔ የገባችሁ መስላችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ፤ በቋንቋችሁ የሚያስረዳችሁ ሰው ፈልጉ። መንጋጋና ክንድ ይዞ በላብ የሚያጠምቅ ሕመም ሲመጣ ጋደም ልበል አትበሉ፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። አልሐምዱሊላህ፣ እኔ የማይሰማኝ ጎረቤት ነበረኝ። ሐጂ ሙክታር ያን ጠዋት እሺ ብለው ቢያስተኙኝ ኖሮ፣ ዘይነባን ፍለጋ የቡ ድረስ የሚሄድ ሰው አይኖርም ነበር።