ለእህቴ የጻፍኩት ገበያ

ዛሬ ጠዋት ሻዬን በእስክሪብቶ አማሰልኩ። ማንኪያው ደግሞ ደብተሬ መሃል የገጽ ምልክት ሆኖ ተገኘ። ልጄ አይታኝ፣ "አባዬ፣ በማንኪያው ምን ልትጽፍ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ሻዩን ጠጣሁት፤ ስኳር ገብቶበት እንዴት ይደፋል? የቀለሙ ምሬት ምላሴ ላይ ሲቀር ግን፣ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ እስክሪብቶ የሚያኝክ አንድ ጎረምሳ ትዝ አለኝ። መልኬን ይመስላል፤ ጉልበቱ ብቻ የእኔ አይደለም።

ያኔ ሶዶ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ቤታችን ሁምቦ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን፣ በጭነት መኪና አቧራ እየቃምኩ ወደ ቤት እወርዳለሁ። ታላቅ እህቴ እግሮቿ ከከዷት ወዲህ ከደጃፍ አልፋ አታውቅም፤ በሩ ስር ምንጣፍ ላይ ሆና መንገዱን ታያለች። የሶዶን ገበያ ደህና በነበረችበት ጊዜ አንዴ አይታው ነበርና፣ "አሁንማ አንተ እይልኝ። እንዳትረሳው ጻፈው" አለችኝ።

ጻፍኩ። ቤታችን የሚወራው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛ ለእኔ የቢሮና የስብሰባ ቋንቋ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ "የዕለቱ ገበያ በሰላም ተከፍቶ በሰላም ተጠናቋል። የምርት አቅርቦቱም አጥጋቢ ነበር።" ደረቴን ነፍቼ ወደ ወላይትኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"አንተ፣ ሊቀመንበር ሆንክ እንዴ? ገበያው ሰው የለውም?"

"አለው እንጂ።"

"ታዲያ ሰዎቹ ምን አሉ?"

ምን እንዳሉ በምን አውቄ! ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት የሚያልበኝ ልጅ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት ቅቤ ሻጭ ፊት ተገተርኩ። "እማማ፣ ከየት መጡ?"

"ከቦምቤ። ምነው፣ ቀረጥ ልትሰበስብ ነው?"

እሱንም ጻፍኩት። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማችና ጥያቄ ጨመረችልኝ፦ ለዳጣ ቃሪያ የምትፈጨው ሴት ዓይኗን አያቃጥላትም? እንደ ድንች የሚቀቀለውን ቦዬ የሚሸጠው ሽማግሌ ምሳውን የት ይበላል? ሰው ማናገርን እንዲህ ተማርኩ፤ ለእሷ ስል። እርጥብ ጎመን ሲሸት፣ የዳሞታ ተራራ ጉም ወርዶ የገበያውን ጫጫታ ሲያፍነው፣ ቆሜ እጽፋለሁ። ሳነብላት አንዳንዴ፣ "ቀስ በል፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም" ትለኛለች።

ዛሬም ማታ ማታ አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ጽሕፈቴ ተበላሽቷል፤ የጻፍኩትን በማግስቱ እኔም ማንበብ ያቅተኛል። "በቃ እረፍ እንጂ" ይሉኛል። ደክሞኛል፣ እውነት ነው። ማቆሙ ደግሞ የባሰ ያደክመኛል።

ያኔ አንድ ቅዳሜ፣ ከገበያው ጫፍ ለብቻዋ ስለምትቀመጥ ሸክላ ሻጭ አነበብኩላት። ሰው እንስራዋን እያንኳኳ ዋጋ ይጠራል እንጂ እሷን ቀና ብሎ አያያትም።

"ማን ትባላለች?" አለች እህቴ።

"አልጠየቅኳትም።"

"ለሳምንት ጠይቅልኝ።"

በሳምንቱ የሴትዮዋ ቦታ ባዶ ነበር። ከዚያም ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ከክፍል ጠርተው አስወጡኝ፤ ሁምቦ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ በሩ ስር ያለው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቆሟል።

ኋላ ለዓመታት ሸክላ ሻጮችን ስማቸውን ጠየቅኩ። እየሳቁ የየራሳቸውን ነገሩኝ፤ ሁሉንም ጻፍኩ። የዚያችን የሚያውቅ ግን አላገኘሁም። የእህቴ ጥያቄ ይኸው እስከ ዛሬ እኔ ላይ ነው።