መዝጊያ የሌለው ጆሮ

ወንድሜ አሮጌ ነገር አይወድም። ዙሪክ ውስጥ ኮምፒዩተር የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ ቤቱ በየዓመቱ አዲስ ዕቃ ይገባል፤ ያምናው ደህናው ዕቃ ምድር ቤት ይወርዳል። «ይሄኛው ከዚያኛው በእጥፍ ይፈጥናል» ይለኛል። «ፈጥኖ የት ሊደርስልህ ነው? ደብዳቤ አይደል እንዴ የምትጽፍበት!» እለዋለሁ። ይስቃል። እኔ ጄኔቫ፣ ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር፣ የአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የእመቤቴ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የቁልፍ መዓት ነበረው፤ ሁለቱን ብቻ ነበር የምጫነው። ሸሚዙ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ይወጣ ነበር። ይህን ለወንድሜ ስነግረው «አንቺማ ድሮም እንደዚህ ነሽ» ይለኛል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ እናታችን አረፈች፤ አባባ አዲስ አበባ ብቻቸውን ቀሩ። ወንድሜ በጉብኝት ቪዛ አመጣቸው። ሐሳባችን ግን ሌላ ነበር። ፔርሚ፣ እኛ የመኖሪያ ፈቃዱን እንደዚያ ነው የምንለው፣ ተጠይቆላቸው ዙሪክ ጥግ፣ አድሊስቪል እሱ ቤት እንዲቀሩ ነበር። እኔም በየእሑዱ ባቡር ይዤ ልጠይቃቸው።

አባባ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ ጆሯቸውን የሽመናው ማሽን በልቶታል። የሲጋራ ፓኬት የምታህል መስሚያ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ትቀመጣለች፤ ከሷ ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ጆሯቸው ይገባል። በጎኗ ትንሽ ማዞሪያ አለቻት። በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ሲገፏት ይሰማሉ፤ ወደ ታች ሲያወርዷት ዓለም ዝም ይላል። እናታችን በሕይወት ሳለች ቁጣ ስትጀምር አውራ ጣታቸው ወደ ኪስ ይወርዳል። «ዘጋኸኝ! ደሞ ዘጋኸኝ!» ትላለች። እሳቸው ከንፈሯን እያዩ ይስቃሉ።

ሰው የግል ጉዳይ ይዞ ሲመጣም እንደዚያው ነው። ጎረቤት እናታችንን ሊያማክር ሲመጣ፣ ከወንበር መነሳት ስለሚከብዳቸው፣ ጣታቸውን ኪሳቸው ከተት ያደርጉና «በሉ፣ ዘግቻለሁ፤ ተጫወቱ» ይላሉ። በኛ ቤት ይሄ ክፍሉን ለቆ እንደ መውጣት ነበር። አንድም ቀን ዘግቻለሁ ብለው ሰምተውብን አያውቁም።

አድሊስቪል ብዙም ሳይቆዩ ወንድሜ ደወለልኝ። «አባባ በዚች ዕቃ እዚህ አገር አይኖሩም። ትራም ሲመጣ አይሰሙም፣ ስልክ አያነሱም። አሁን ዲጂታል የሚባል ወጥቷል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኮምፒዩተር ነው በይው!»

«እኔ እምልህ፣ እሳቸው ጠየቁህ?»

«የማያውቁትን እንዴት ይጠይቃሉ?»

ይሄ መልስ አናደደኝ፤ ምክንያቱም አፌን አስያዘኝ። ደሞ ሌላ አመጣሁ። የድሮዋ ባትሪ ዙሪክ ላንግሽትራሰ መንገድ ላይ ካለው ኪዮስክ ጀምሮ እስከ መርካቶ ድረስ በየሱቁ አለ፤ የዚህኛው ባትሪ ምስር የሚያህል ነገር ነው፤ አገራቸው ሲገቡ ማን ያመጣላቸዋል?

«አይመለሱማ» አለኝ።

ይህን ሲለኝ ክርክሩን ተውኩት። ደስ አለኛ! አይመለሱም ካለ፣ እንኳን ኮምፒዩተር ሌላም ይግባላቸው።

ማሽኑ የሚገባላቸው ቀን ዕረፍት ጠይቄ አብሬያቸው ሄድኩ። የጆሮ ባለሙያዋ ከሁሉ ይልቅ ምን መስማት እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው፤ ወንድሜ ተረጎመ። «የልጅ ልጄን» አሉ። ገባላቸው። ጆሯቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ማዞሪያው የታል?» አሉ።

«የለውም አባባ፣ አያስፈልገውም። ራሱ ያውቃል» አለ ወንድሜ፣ እሱ የሠራው ይመስል እየኮራ።

«ራሱ ያውቃል?» ትንሽ አሰቡ። «እኔ መቼ መስማት እንደማልፈልግ በምን ያውቃል?»

ወንድሜ ይህችን አልተረጎማትም።

የሚሰማስ ይሰማል፤ አልዋሽም። በቤቱ ጎን የሚያልፈውን ወንዝ በመስኮት ሰሙት። የፍሪጁን ማጉረምረም ሰሙ፣ ከላይ ቤት የሚራመደውን ሰው ሰሙ። የወንድሜ ልጅ ያኔ ትምህርት ቤት የገባች ትንሽ ልጅ ነበረች። በረዶ በጣለ ቀን ወደ መስኮቱ እየጎተተቻቸው «አባባ፣ ሉግ! ሽኔ! ሽኔ!» እያለች፣ እይ በረዶ ማለቷ ነው፣ በጀርመንኛ ታወርደው ጀመር። በፊት ስታወራላቸው እየሳቁ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ የማይገባቸው ጆሯቸው ስለደከመ ይመስላቸው ነበራ። አሁን ቃሉን ሁሉ ጥርት አድርገው ሰሙት፤ አንዱም አልገባቸውም። ወደኔ ዞር አሉና «ለካ ጆሮዬ አልነበረም» አሉኝ። 

ቪዛቸው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ እሑድ፣ ምሳ በልተን ተቀምጠናል። ልጅቷ ክፍሏ ገብታለች። አባባ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው። የወንድሜ ሚስት ሆስፒታል በፈረቃ የምትሠራ፣ እንቅልፍ የጠማት ሴት ናት፤ ክፉ አይደለችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንነጋገር እንጂ» አለች። አባባ ቀና ብለው አዩን። አውራ ጣታቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደና ከተት አለ። እኛም እንደ ልማዳችን አፋችንን ከፈትን።

«እኔ አልቻልኩም» አለች። «ከሥራ ስገባ እሳቸው፣ ልጅቷ፣ ቤቱ… የገዛ እናቴን እንኳ አላመጣሁም።»

ወንድሜ ምንጣፉን እያየ «የፔርሚውን ወረቀት ገና አላስገባሁም» አለ።

ደሜ ፈላ። «አይመለሱማ ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እሺ አንቺ ውሰጂያቸዋ!»

የት ልውሰዳቸው? የማድረው ከሰው ኩሽና ጎን ባለች፣ አንድ አልጋ በምትይዝ ክፍል ነው፤ ፔርሚዬም አሠሪዎቼ እዚያ እስካሉ ድረስ ነው።  በመጨረሻ ወንድሜ «ቢሮው ከልክሏል እንበላቸው። በኛ ከሚያዝኑ በመንግሥት ይዘኑ» አለ። ሚስቱ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረች። እኔም አልተቃወምኩም።

ያን ጊዜውኑ ተነስቶ ፊታቸው በርከክ አለና፣ እንደ ድሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አባባ! ቢሮው ከልክሏል! ፈቃድ አንሰጥም ብለዋል!» አላቸው።

«አትጩህ ልጄ፣ እሰማለሁ» አሉ።

ያኔ ነው ኪሳቸውን ያየሁት። ባዶ ነበር። የድሮዋ መስሚያ ከተኛችበት መሳቢያ ወጥታ አታውቅም። ጣታቸው የሄደው ልማድ ሆኖበት፣ ወይ ደግሞ ለኛ ሊዘጋልን ፈልጎ ነው፤ የሚዘጋው ግን አላገኘም። አዲሱን ማሽን ደግሞ እንዳይሰበር ስለሚፈሩ ራሳቸው አይነኩትም፤ የሚያገባውም የሚያወጣውም ወንድሜ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሳቸውን ጆሮ እኛ ዘመድ አድርገንባቸው፣ የተባባልነውን አንድም ሳይቀር አደረሰላቸው።

ወንድሜ ምንም አልገባውም። «መንግሥት ካለ ምን ይደረጋል» አሉት ትከሻውን እየዳበሱ። «እናንተ ለፍታችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ማታ በባቡር እስከ ጄኔቫ እያለቀስኩ ሄድኩ። በወንድሜ ተናደድኩ፣ በሚስቱ ተናደድኩ፣ በራሴም። በዚያች ምስር በምትበላ ማሽንም ተናደድኩ፣ እሷ ምን ታድርግ! የትራሙን ድምፅ ከነፋሱ እንድትለይ አስተምረዋታል። አንድ ሽማግሌ ልጆቹ ስለሱ የሚሉትን ላለመስማት መብት እንዳለው ግን ማን ይንገራት?

የሚሄዱ ዕለት አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሁላችንም ሸኘናቸው። መፈተሻው ጋ ስንደርስ ቆሙና ወንድሜን «አውጣልኝ» አሉት።

«ኧረ አባባ! ለርስዎ አይደል እንዴ የተገዛው?»

«ጎበዝ ዕቃ ነው። ምንም አያመልጠውም። ለሚጠቅመው ሰው ስጡት።»

ወንድሜ ያኔ ፊቴን አየ፤ ያን እሑድ ሁሉን እንደሰሙ ከፊቴ ላይ አነበበው መሰለኝ፣ አወጣላቸው። አባባ የድሮዋን ከኮታቸው አውጥተው ደረት ኪሳቸው ከተቷት፣ ሽቦዋን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። አንድ በአንድ ሳሙን፤ ልጅቷን ሁለት ጊዜ። መረቁን። ከዚያ ፈገግ ብለው አውራ ጣታቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ።

«በሉ፣ ዘግቻለሁ፤ ተጫወቱ» አሉና ጉዟቸውን ቀጠሉ።

 ድንገት የምለው ነገር መጣብኝ። «አባባ!» ብዬ ጮህኩ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እሳቸው ግን አልሰሙም።