የሸበጥ ጎማ አበቦች

አባቴ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ያጣው አቃቂ ውስጥ በነበረ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ጥጥ የሚያበጥረው ማሽን ነው የወሰደበት። የቀሩለት አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ነበሩ። እናቴ ገና በልጅነቴ ስለሞተች ቤት ውስጥ ያለነው እሱና እኔ ነን። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ።

ከሆስፒታል ሲወጣ በጡረታ አሰናበቱት። ከዚያ በኋላ መናገር ተወ ማለት ይቻላል። የፈረቃ መለወጫው ጡሩምባ ሲነፋ ከተቀመጠበት ብድግ ይልና፣ የሚሄድበት እንደሌለ ትዝ ሲለው ተመልሶ ይቀመጣል። የተጎዳ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚውለው። ሰው ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋለት ግራውን ይሰጣል።

ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት የሥዕል አስተማሪያችን ድንች ለሁለት ገምሶ፣ ፊቱ ላይ በምላጭ አበባ ቀርጾ፣ ቀለም እያስነካ ወረቀት ላይ ማተምን አሳይቶን ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለጓደኞቼ የእንቁጣጣሽ ካርድ ልሠራ ተነሳሁ። ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብዬ ድንቼን ስፈለፍል አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ።

«ድንችሽ እኮ ነገ ይጨማደዳል» አለኝ።

«ታዲያ በምን ልሥራው?»

 ገብቶ ከአልጋ ሥር ማሰሪያው የተበጠሰ ሸበጥ አወጣ። ከጎማው ላይ ትንሽ ቆረጠና ቁራጩን በሁለት ጉልበቶቹ መሃል አጥብቆ ይዞ፣ በማያውቅበት በግራ እጁ ምላጩን ጨብጦ መቅረጽ ጀመረ። የመጀመሪያው አበባ ሸረሪት ይመስል ነበር። ቀጥሎ የሠራው የተረገጠ ሸረሪት። ሳቄ ሲያመልጠኝ እሱም ፈገግ አለ፤ ከአደጋው ወዲህ ፈገግ ሲል ሳየው ያ የመጀመሪያው ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አደይ አበባ የሚመስል ነገር ወጣለት። ከዚያ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ጎማውን በአውራ ጣቱና በትንሿ ጣቱ ቆንጥጦ ያዘ፤ ቀለም አስነካና ወረቀቱ ላይ ተጫነው። ለመቅረጽ የማይሆነው እጅ ለማተም ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ይኸው ሆነ። የድሮ ባልደረቦቹ ከፋብሪካው የማሸጊያ ካርቶን ያመጡልናል፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ ያትማል። ሙጫ ከዱቄት እናፈላለን። ቢጫ ቀለም ከእርድ፣ ቀይ ከቀይ ሥር፣ ወይን ጠጁን ደግሞ ክሊኒክ ለቁስል ከሚሰጠው መድኃኒት እናገኛለን። አሮጌ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ስፖንጅ አስገብተን ቀለሙን እሱ ላይ እናፈሳለን። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት አጥፈን በመቀስ ቆርጠን የካርዱን ጠርዝ እናስጌጥበታለን፤ የከረሜላ ወረቀት እንጠቀልልና ጽጌረዳ እናደርገዋለን። ጎረቤታችን ከወሎ የመጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ለኢድ ደሴ ላሉ ዘመዶቻቸው የሚልኩት ሲያዙን አባቴ ጨረቃና ኮከብ ቀረጸላቸው። ሳሪስ ያለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብርም ይወስድልን ጀመር።

የስንዴ አገዳ የሚያመጡልን አንዲት ሴት ነበሩ፤ «እማማ» ነበር የምላቸው። ፋብሪካዎቹ ከመምጣታቸው በፊት እዚያው አቃቂ ወንዝ ዳር ያርሱ ከነበሩት ቤተሰቦች ናቸው፤ ያን ጊዜም ላሞች ነበሯቸው። እኔን «ኢንተላ ኮ» ነበር የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አገዳውን አባቴ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈውና ሰንጥቆ፣ ጠፍጥፎ፣ ካርድ ላይ ይለጥፈዋል፤ ሲደርቅ ወርቅ ይመስላል። እማማ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ትንሽ ሳለ ወተት ይዞልን ይመጣ ነበር። አባቴን «ጋሼ» ይለዋል። ካደገ በኋላ የቀበሌ ጥበቃ ሆነና ጠብመንጃ ያዘ።

ጊዜው ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት ነበር። ከአፈሳው ለማምለጥ አንዳንዱ በሐሰት መታወቂያና በሐሰት የይለፍ ወረቀት ይንቀሳቀሳል ተብሎ ይወራል። ቀበሌው የሐሰት ማህተም የሚቀርጸውን ሰው እያደነ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያተምናቸውን ካርዶች ግቢ ውስጥ በገመድ ላይ አስጥተን ሳለ ጥበቃዎች ገቡ። ከፊት የእማማ ልጅ ነበር። ገመዱን አየ፤ ቤት ገባ፤ የጎማ ቁርጥራጮቹን ያስቀመጥንበትን ጣሳ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማህተም ነው» አለው አባቴ። «ካርድ የምናትምበት። ታውቀው የለም እንዴ?»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ሁላችንም የሰማነው። ማህተም። ልጁ የጫማ ቀለም ቆርቆሮውን ከፈተ። ውስጡ ያለው ወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ የቀበሌውም ማህተም ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው። ከጓደኞቹ አንዱ ጣቱን አስነክቶ ለሌላው አሳየው።

«አበባ ነው እኮ! እርግብ ነው! እዩት እንጂ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ፊታቸው ድረስ አቀረብኩላቸው። የሚያይልኝ አልነበረም።

«ጓድ፣ ይቅደሙ» አለ የእማማ ልጅ። ጋሼ አላለውም። አባቴ ኮቱን ለበሰ፤ እጁን ኪሱ ከተተና ቀደማቸው።

ቀበሌው ግቢ ውስጥ ካለው እስር ቤት አስገቡት። ምሳ ይዤለት እሄዳለሁ። በር ላይ ሳህኑን ይከፍቱና እንጀራውን በእንጨት እያገላበጡ ይፈትሹታል፤ ከዚያ ይቀበሉኛል፤ ማታ ባዶውን ይመልሱልኛል። አባቴን ግን አያሳዩኝም። የእማማ ልጅ በር ላይ ከሆነ ወደ እኔ አያይም። እማማም ወተት ማምጣታቸውን ተዉ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው አለፉኝ።

ያስፈቱልኝ ሹፌሩ ናቸው። ዋስ የሚሆን ሰው በጠፋበት ጊዜ፣ ባለ ጨረቃና ኮከቡን ካርድ በእጃቸው ይዘው ቀበሌ ሄዱና «ይሄ ሰው የሚሠራው ይሄንን ነው። ለዘመዶቼ ልኬበታለሁ። ካጠፋ እኔን እሰሩኝ» ብለው ፈረሙ። ተከራይ ናቸው፤ የሌላ አገር ሰው ናቸው፤ መኪናቸው ሊወረስ ይችል ነበር። ይህን ሁሉ ያውቃሉ።

አባቴ ሲፈታ ግድግዳ እየተደገፈ መጣ። እግሩን መሬት ላይ ሙሉ ለሙሉ አያሳርፍም ነበር። ውኃ አሙቄ ጨው ጨምሬ እግሩን ዘፈዘፍኩለት። የውስጥ እግሩን ግርፋት አየሁ። ውኃው ሊቀዘቅዝ ሲል «ጎማዎቹን በእጅህ አቃጥል አሉኝ። አቃጠልኩ» አለኝ። ኮቱ የተቃጠለ ጎማ ይሸት ነበር። አጠብኩት፤ አልለቀቀም።

ካርድ ሥራው በዚያው ቆመ። መቀሱንም የተረፈውን ካርቶንም እኔ ነኝ ከዓይኑ ያራቅኩት። እጁ ወደ ኪሱ ተመለሰ። ዓመት አለፈ፤ እሱም እግሩ ዳነና እየቆየ በደህና መራመድ ጀመረ።

በሁለተኛው ዓመት የቀበሌው ኮታ አልሞላ ሲል የጥበቃ ልጆችም ታፈሱ። የእማማ ልጅ ከታፈሱት አንዱ ነበር። ሌላውን ሲጭን በኖረበት መኪና እሱም ተጭኖ ሄደ ብለው ሰዎች አወሩ። ሲያወሩት ድምፃቸው ላይ ደስታ ነበር። አልዋሽም፣ እኔም አላዘንኩለትም።

ነሐሴ ሲያልቅ እማማ ወደ ቤታችን መጡ። አባቴ ከታሰረ ጀምሮ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። ክንዳቸው ላይ አንድ እስር የስንዴ አገዳ አለ፤ ተመርጦ፣ ተልጦ፣ በገመድ የታሰረ። በር ላይ ቆሙ፤ ግቡ እስኪባሉ ጠበቁ። ግቡ ያላቸው አባቴ ነው።

«ልጄ ሰሜን ነው አሉኝ» አሉ። «የጦሩን የፖስታ ቁጥር አምጥተውልኛል፤ በዚህ ላኩለት ብለውኛል። ለእንቁጣጣሽ አንድ ነገር ብልክለት ብዬ ነው። ደብዳቤ አላውቅበትም። ሰው የጻፈልኝ ደግሞ የኔ አይመስለውም። አበባ ግን ያውቃል።» አገዳውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ጎማው መቃጠሉን ሰምቻለሁ። በዚህ ይሆንልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

አባቴ ሳይመልስላቸው እኔ ቀደምኩት። «እማማ፣ አባቴን ማን እንደወሰደው ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ።»

«እግሩ ምን ሆኖ እንደመጣስ?»

«እሱንም አይቻለሁ። በአጥሩ በኩል አይቻለሁ።» አላለቀሱም፤ አንገታቸውንም አልደፉም። እንደዚያው ቆመው ጠበቁ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «መቀሱ የት ነው?» አለኝ።

«አባዬ!»

«የመጡት እናቱ ናቸው። እሱ አይደለም የመጣው። መቀሱን አምጪልኝ።»

በአገዳ ብቻ ይሠራዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን የእግሩን ሸበጥ አወለቀና ከተረከዙ በኩል ቆረጠ። ያን ዕለት በር ዘግቶ አልተቀመጠም፤ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ በሚያየው ደጃፋችን ላይ ወጥቶ ነው የቀረጸው። ምላጩ ሁለት ጊዜ አዳለጠውና እጁን ቆረጠው፤ በጨርቅ አስሮ ቀጠለ። እርዱን እኔ በጠበጥኩ። እየተናደድኩ ነው የበጠበጥኩት። እማማ ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አበባው ወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ ሲወጣ አዩ። ግንዱን ከአገዳው ሠራላቸው። በጠርዙ ዙሪያ ብርማውን ወረቀት ለጠፍኩ፤ እጄ አንዴ ከገባበት በኋላ በጥንቃቄ ነው የለጠፍኩት፤ ሥራው ሥራ ነውና።

«ምን ልጻፍልዎት?» አልኳቸው።

«ላሟ ወልዳለች በይው። ወንድ ጥጃ ነው በይው። እናትህ ደህና ናት በይው።»

ጻፍኩ። አባቴ የወይን ጠጅ ቀለሙን ቆርቆሮ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። «አሻራዎን ያድርጉበት። ያኔ ከእርስዎ እንደሆነ ያውቃል።» እማማ አውራ ጣታቸውን ስፖንጁ ላይ ጫኑ፤ ከዚያ ከጽሑፉ ሥር አሳረፉት። እስኪደርቅ ድረስ ካርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። አባቴ በተጎዳ እጁ ዝንብ ይከላከልላቸው ነበር።

መልስ የመጣው የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው። እማማ ፖስታውን ሳይከፍቱ አምጥተው ሰጡኝና አነበብኩላቸው። ብርድ እንደሆነ ጽፏል። ካርዱ መድረሱን፣ አሻራቸውን ሲያይ ወዲያው ማወቁን፣ ጥጃው እንዳይሸጥ ጽፏል። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

«ቀጥይ እንጂ» አሉኝ እማማ።

«‹አበባውን ማን እንደሠራው አውቄያለሁ። ጋሼን ይቅርታ ጠይቂልኝ› ይላል።»

እማማ ወደ አባቴ አላዩም። እኔም አላየሁም። ውጭ የፋብሪካው ጡሩምባ ተነፋ፤ የመንገዱ ሰው ድምፅ መጣና አለፈ። አባቴ ኩርሲውን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«ለፋሲካ ሌላ ካርድ እንልክለታለን» አለ። «እሱ ላይ ‹ደርሶኛል› ብለሽ ጻፊበት። ጋሼ ደርሶኛል ብሏል በይው።»

«ሌላ ነገርስ?» አልኩት።

«ሌላ የለም። ይገባዋል።»

የፋሲካውን ካርድ ላክን። ለእሱ መልስ አልመጣም። ለቀጣዩ እንቁጣጣሽ ላክን፤ ከዚያም ለሌላው። የላክነው ካርድ አልተመለሰ፣ መልስም አልመጣልን። እማማ ፖስታ ቤት እየሄዱ ይጠይቃሉ፤ የሚነግራቸው የለም። አባቴ ግን አላቋረጠም። በየበዓሉ እማማ አገዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እሱ ያትማል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው አሻራቸውን ያሳርፋሉ። ለሌላም ሰው መሥራት ጀመርን። ቀበሌ ዳግመኛ አልመጣብንም።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በአቃቂ በኩል የሚያልፉትን እማማ መንገድ ዳር ቆመው ውኃ ያጠጡ ነበር። እያንዳንዱን ፊት ያያሉ። በመጨረሻ ከልጃቸው ጋር የነበረ አንድ ወታደር ተገኘ። መርዶውን ሽማግሌዎች ናቸው ያረዱት። ልጁ የሞተው ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ነው፤ በዚያው በፋሲካው ዓመት፤ ከበዓሉ በፊት ይሁን በኋላ ወታደሩ አያስታውስም።

ድንኳን ተተከለ። አባቴ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ሄዶ ተቀመጠ፤ ሹፌሩም አጠገቡ። እኔ ሴቶቹ መሃል ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ እማማ ከመደቡ ተነሱና ድንኳኑን አቋርጠው አባቴ ፊት መጥተው ቆሙ። ድምፃቸው ከልቅሶው ብዛት ዘግቷል።

«ያ ቃልዎ ደርሶት ይሆን?» አሉት።

አባቴ ተነስቶ ቆመላቸው። 

«አላውቅም እትዬ» አላቸው። «ልከናል።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁለት ጣት የቀረለትን ቀኝ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።