በክብሪት ቀፎ የሄደው እባብ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ሲያትል ከገባሁ ሦስት ወይ አራት ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም፤ ብቻ ሌክ ሲቲ የሚባለው ሰፈር የነበርን ጊዜ ነው። ሆዴ እንቢ ብሎኝ ሰነበተ። ክሊኒክ ሄድኩና ሰማያዊ ክዳን ያላት የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥተው ሰገራ አምጣ አሉኝ። ቤት ስገባ ልጄን መሠረትን "ክብሪት አለሽ?" አልኳት። ደንግጣ "አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ማጨስ ጀመርክ እንዴ?" አለችኝ። እኔ የፈለግኩት ቀፎውን ነው። በእኛ ጊዜ ሰገራ የሚሄደው በክብሪት ቀፎ ነበር፤ ዕቃዋን በእጄ ይዤ እንኳ ልማድ ቀደመኝ።

ልጅ እያለሁ፣ የወተት ጥርሴ ገና ሲነቃነቅ፣ ከሰፈራችን በታች አንዲት ኩሬ ነበረች። ክረምት ሲወጣ ላይዋ አረንጓዴ ይለብሳል። የእርጥብ ሣርና የጭቃ ሽታዋ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አረንጓዴውን በእጃችን ገለል አድርገን፣ በደረታችን ተኝተን እንጠጣለን። አንድ ቀን ጓደኛዬ ታደለ የእባብ እንቁላል ዋጥክ አለኝ። ሰንብቶ ሆዴ መጮህ ሲጀምር፣ ይኸው ተፈለፈለ አለ። ካስራብከው አንጀትህን ይበላል ብሎ ስለመከረኝ፣ ምግብ እያስጠላኝ ቆሎ በኪሴ ይዤ እየዋልኩ እባቡን እቀልበው ነበር። ቁርጠት ሲይዘኝ ነከሰኝ እላለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከተናገርኩ ሆዴን የሚቀድዱት መሰለኝ።

የነቃችብኝ ታላቅ እህቴ ናት። ጓሮ ተከትላኝ መጥታ ሰገራዬ ላይ ደም አየች። አልጮኸችም። ከምድጃው አጠገብ ክብሪቱን አንስታ እንጨቶቹን ጨርቅ ላይ ዘረገፈች፤ ቀፎውን በቅጠል አልብሳ ሰጠችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ። መንገድ ላይ ስለ እባቡ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን እጄን ጠበቅ አደረገችው።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየ። እትዬ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዋን ጠርጋ "ጋሼ፣ እባብ አለበት ወይ?" አለችው። እሱም አልሳቀም። በርጩማ ላይ አቁሞ አሳየኝ። ውኃ ላይ ጠብ ያለ ዘይት ነው የምትመስለው፤ ቀስ እያለች ትለጠጣለች፣ ደግሞ ትሰበሰባለች።

"አሜባ ናት" አለኝ። "መላ ሰውነቷ ይቺው ነው፤ አንድ ፍሬ።"

"ጥርስስ?"

"ጥርስም አፍም የላትም።"

መድኃኒቱ መራራ ነበር፤ እኔ ግን ገና ሳልውጠው የዳንኩ ያህል ቀለለኝ። ስንመለስ እትዬ አዘለችኝ፤ ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሲያትል ላይ በርጩማ ላይ የሚያቆመኝ አልነበረም። አንድ የማውቀው ሰው በሆድ ካንሰር ካረፈ ብዙ አልቆየም ነበርና፣ ውጤቱ እስኪመጣ እህል ከአፌ ራቀ። ፍርሃቴን ለመሠረት አልነገርኳትም። እንደገና እባብ ዋጥኩ ማለት ነው። ክሊኒኩ ኮል ሲያደርግ ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። አዳመጠች፣ ኦኬ ኦኬ አለች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

"ጃርዲያ ነው አባዬ። ጃርዲያ ብቻ። ተራራ የሄድን ቀን ከወንዙ አትጠጣ አላልኩህም?"

ውኃው ጥርት ብሎ አታሎኝ፣ በደረቴ ተኝቼ ነበር የጠጣሁት። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ እያለቀሰች።

ነርስነት ትማር ስለነበር ሻይ ይዘን አስረዳችኝ። ባለ አንድ ሕዋስ ይባላሉ አለች፤ እኔ በድሬሰሩ ቃል አንድ ፍሬ እላቸዋለሁ። በሽታ የሚያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው አሉ። ሰውም ከብትም ዛፍም ሳይኖር ምድርን ይዘው የኖሩት እነሱ ናቸው። ሊጥ የሚያቦካው ከእነሱ ወገን ነው፤ ያ የኩሬያችን አረንጓዴም እንደዚያው፣ ለካ የምንተነፍሰውን አየር ይሠራልን ኖሯል። እኛ ግን በእጃችን ገለል እናደርገው ነበር። "ታላላቆቻችን ከሆኑማ አንቱ ልንላቸው ነው" አልኳትና እንደገና አሳቅኳት።

ያኔ ቀፎ፣ አሁን ባለ ክዳን ዕቃ። ዛሬ ውጤቱ በስልክ ይመጣል፤ ፍርሃቱ ግን የዚያው ልጅ ነው፣ ሲለቅም የሚለቀው እንደዚያው ነው። ስልኩ ተዘግቶ ሆዴ ቀለል ሲለኝ፣ መሠረት ያኔ እጄን ጠበቅ ያደረገችው ያቺው ልጅ መሰለችኝ፤ ስቃብኝ የማታውቀዋ እህቴ፣ እትዬ የሺእመቤት።