ጋሽ ባየው የደከሙበት ድምፅ

ማስተዋል ደብረ ብርሃን ውስጥ በተከራየቻት ክፍል የባህል መሣሪያዎችን ድምፅ ለኪቦርድ ተጫዋቾች ታዘጋጃለች። መሣሪያውን የሚችል ሰው ፈልጋ ድምፁን አንድ በአንድ ትቀዳና ኮምፒውተሯ ላይ ትሰድረዋለች። ቁልፉን ለስለስ አድርጎ ለነካ አንድ ዓይነት፣ ጠንከር አድርጎ ለመታ ሌላ፣ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ሳያቋርጥ ለተሻገረ ደግሞ የሚንሸራተት ድምፅ እንዲወጣ ታደርጋለች።

ለዋሽንቱ ጋሽ ባየውን ከጎረቤላ አስመጣች። ሽማግሌው ደረታቸውን እንደሚያማቸው ታውቃለች። ከሰዓት በኋላ፣ ረዣዥሙን ድምፅ ሲነፉ፣ «ትንሽ ልረፍ ልጄ» አሏት።

«ይቺን ብቻ ጋሼ፤ ከዚያ እናርፋለን።»

ነፉ። ድምፁ መሀል ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ሳሳ፣ ባዶ ትንፋሽ ሆኖ ጠፋ። ከዚያ ሳል ያዛቸው። ውሃ ሰጠቻቸው፤ ቀረጻውን ግን አላጠፋችም።

በኋላ ስታዳምጠው ከሁሉም ይሄኛው አንጀቷን በላው። ቁልፉን በስሱ ነክቶ ይዞ ለቆየ ሰው ይሄው እንዲመጣ አደረገች። ተጫዋቾቹ ወደዱት። ዮናስ የሚባል የሠርግ ኪቦርዲስት ደውሎ፣ «ያን የሚያለቅሰውን ከየት አመጣሽው?» አላት። ደስ ሊላት ሲገባ የሽማግሌው ሳል ጆሮዋ ላይ መጣባት።

ነገሩ ስላስጨነቃት ያዘጋጀችውን ልታሰማቸው ጎረቤላ ወረደች። ጋሽ ባየው የጆሮ ማዳመጫውን አድርገው ፈገግ እያሉ ሰሙ። የተንቀጠቀጠችዋ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይቺ የደከመኝ ጊዜ ናት።»

«አዎ። ሰው ግን በጣም ወዷታል።»

«ሰው ምን ያውቃል? ዋሽንት የሚያውቅ ከሰማት ‹ባየው አለቀለት› ነው የሚለው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ። ልረፍ ሲሉኝ ከለከልኩዎት።»

«እሱስ አልፏል። ደህናውን ልንፋልሽና በሷ ቦታ አግቢው።»

መቅረጫዋን አወጣች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ቀና ብለው ተቀመጡ። ድምፁ ከበፊቱም ፈጥኖ ተቆረጠ። ደገሙት፤ ያው ሆነ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናናየሁ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

«እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ባየው።

«ጥሩ ነው ጋሼ።»

ደብረ ብርሃን ተመልሳ ብትሞክረው አዲሱ ቀረጻ የሚሆን አልነበረም። ቢያንስ አሮጌውን ከስብስቡ ላውጣው ብላ አወጣችው። ተጫዋቾቹ «የት ሄደ?» እያሉ ሲወተውቷት መልሳ አስገባችው።

በሳምንቱ ጋሽ ባየው ደወሉ። «ቀየርሽው?»

«ቀየርኩት።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሏት። ድምፃቸው ቀለል ብሏል።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ነይ ይሏታል። ሥራ በዛብኝ ትላለች።