አባባ በአቮካዶው ሥር ያነበቡት

አባባ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሆሳዕና ግቢያችን ውስጥ እሳቸው በሀዲይኛ የጻፉትን የልጆች ተረት እኔ በላፕቶፕ እተይባለሁ፤ እሳቸው ያርማሉ። ችግሩ፣ የላፕቶፑ ብርሃን ዓይናቸውን ያስለቅሳቸዋል። "ይሄ ዕቃ ሽንኩርት ነው" ይላሉ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። መጽሐፍ የማነብባትን ኢ-ሪደር፣ ያቺን ጥቁርና ነጭ ብቻ የምታሳይ፣ ዓይን የማትወጋ፣ በዋይፋይ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘኋት። ላፕቶፑ ላይ ያለው ሁሉ እሷ ላይ ታየ! በደስታ ቤቱን ዞርኩት። አንድ ዐመል ግን አላት፦ ግንኙነቱ ሲቋረጥ የመጨረሻው ጽሑፍ እላይዋ ላይ ደርቆ ይቀራል።

አባባ ይዘዋት አቮካዶው ሥር ተቀመጡ። እኔ ቤት ውስጥ ስጽፍ እሳቸው በመስኮት ይጮኻሉ። "አራተኛው መስመር! ጅቡ አልሄደም፣ ሸሸ በይ!" ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ "ኧረ ከዚያስ ጅቡ ምን ሆነ?" ማለት ጀመሩ።

በዚህ መሀል እዚያው ላፕቶፑ ላይ ቴሌግራሜ ጮኸ። አንጋጫ ከተማ የሚኖረው ልጅ ነው፤ አባባ የማያውቁት የልቤ ሰው። "ሽማግሌ ልላክ ወይስ ይቅር? ቁርጡን ንገሪኝ" ይላል። ታላቅ እህቴን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ስንቴ ተመላልሰው ባዶ እጃቸውን ሄደዋል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ቅዳሜ ላካቸው። ካንተ ሌላ አላገባም። ግን አባባ እምቢ ይላሉ ብዬ እፈራለሁ።"

ከውጭ ስለ ጅቡ የሚናገር ጠፋ።

ወይኔ ጉዴ! አባባ እያነበቡ ነው! ላፕቶፑን ጧ አድርጌ ከደንኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ግንኙነቱን ቆርጬ ያንኑ ጽሑፍ እጃቸው ላይ አደረቅሁት። በመስኮት አጮልቄ ሳይ መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና ከላይ ጀመሩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሁለት እርማት አለኝ!" አሉ፣ ለጅቡ በጮኹበት በዚያው ድምፅ። "ቅዳሜ ለቅሶ እደርሳለሁ። እሑድ ከቸርች በኋላ ይምጡ በይው።"

"ሁለተኛውስ፣ አባባ?" አልኩ።

"'አባባ እምቢ ይላሉ' የሚለው ስህተት ነው። አጥፊው።"

ሳቅና እንባ ተደበላልቆብኝ ቆሜ ቀረሁ። እልል ያሉት ጅቡን ሲከታተሉ የዋሉት ጎረቤታችን ናቸው።